ሴራሚካችሁ ስንት ይጠጣል?

አዲስ አበባ ውስጥ ኮንዶሚኒየም የደረሰው ሰው ሁለት ጊዜ «እንኳን ደስ ያለህ» ይባላል። አንዴ ዕጣው ሲወጣለት፣ አንዴ ደግሞ ሴራሚክ ሲያነጥፍ። በሁለቱ መካከል ያለው ጊዜ ግን የደስታ አይደለም። ቁልፍ የተረከበ ሁሉ እንደሚያውቀው የሚሰጡን ቤት ሳይሆን የቤት ረቂቅ ነው። ግድግዳ አለው፣ ጣሪያ አለው፣ ወለሉ ግን ቀንና ሌሊት አቧራ የሚተፋ ሲሚንቶ ነው። ጠዋት ጠርጋችሁ ትወጣላችሁ፣ ማታ ስትመለሱ ሌላ አቧራ ይጠብቃችኋል።

ስለዚህ ሰው ተበድሮም ቢሆን ሴራሚክ ያነጥፋል። ችግሩ የሚመርጠው በዓይኑ ብቻ መሆኑ ነው። ስልክ ለመግዛት ሦስት ወር ስለ ባትሪና ስለ ካሜራ የሚያጠና የከተማ ልጅ፣ ሃያና ሠላሳ ዓመት የሚረግጠውን ወለል ሲገዛ «ይሄ ያምራል» ብሎ በአሥር ደቂቃ ይጨርሳል። እኛ በአሥር ደቂቃ መጨረስ የሚያስችል ሁኔታ አልነበረንም።

እኛ ስንል አዲስ አበባ ያለነው ሦስቱ ልጆች ነን። ቤቱ የእናታችን ነው። ገንዘቡ ኩዌት ሰው ቤት የምትሠራው የታላቅ እህታችን ነው፤ የሁለት ዓመት ቁጠባዋ። እናታችን ጉልበቷን ያማታል፣ ደረጃውን የምትወጣው ብረቱን ይዛ ነው። እኛ ከመግባታችን ጥቂት ወራት በፊት ደግሞ እዚያው ብሎክ ውስጥ ያሉ አንዲት እናት እንደ መስታወት በሚያበራው አዲስ ወለላቸው ላይ ተንሸራተው ዳሌያቸው ተሰብሯል። ቤቱ በተመረቀ ሰሞን ነው። እስከ ዛሬ ያለ ምርኩዝ አይንቀሳቀሱም። እንዲህ ባለ ጊዜ «ያምራል» የሚለው ቃል ብቻውን አይበቃም።

እናላችሁ መጠየቅና ማንበብ ጀመርን። ለፈተና እንኳ እንደዚያ አላነበብንም።

ገበያው ላይ ሁለት ስም ትሰማላችሁ፤ «ሴራሚክ» እና «ፖርሲሊን»። ሻጩ ሁለተኛው ይሻላል ይላል። ለምን ይሻላል ስትሉት «ኦርጅናል ነው» ይላችኋል። (በሀገራችን «ኦርጅናል» ማለት ጥያቄ ማስቆሚያ ነው።) ቀጥሎ የሀገር ስም ይመጣል፤ የጣሊያን፣ የስፔን፣ የህንድ፣ የቻይና። እውነት ነው፣ የጣሊያኗ ሳስዎሎ፣ የስፔኗ ካስቴዮን፣ የህንዷ ሞርቢና የቻይናዋ ፎሻን በሴራሚክ ስማቸው የሚነሳ ከተሞች ናቸው። የእኛም ሐዋሳ በታቦር ሴራሚክ ስሟ ይነሳል፤ በቅርብ ዓመታት ደግሞ የቻይና ባለሀብቶች እዚሁ ሀገር ውስጥ ማምረት ጀምረዋል። ግን የሀገር ስም ስለ ዕቃው ብዙ አይነግራችሁም። ከአንዱ ከተማ ለሻወር ግድግዳ ብቻ የሚሆነውም፣ ሻንጣ ሲጎተትበት ለሚውል የአውሮፕላን ማረፊያ ወለል የሚሆነውም ይወጣል።

እኛ ነገሩ የገባን ረከቦት ላይ ነው።

ጀበናና ሲኒ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ ሁለቱም ሴራሚክ ናቸው፣ ማለትም በእሳት የበሰለ አፈር። ጀበናን ሸክላ ሠሪዋ ሜዳ ላይ በእንጨትና በኩበት ነው የምታቃጥላት፤ ሙቀቱ አብዛኛውን ጊዜ 1000 ዲግሪ አይደርስም። በአፈሩ ቅንጣቶች መካከል ያለው ቀዳዳ ሳይደፈን ይቀራል። አዲስ ጀበና መሟሸት ያለባት፣ እንስራም ላብ እያላበው ውስጡ ያለውን ውሃ የሚያቀዘቅዘው በዚሁ ቀዳዳ ምክንያት ነው። ሲኒ ግን ነጭ ሸክላ፣ ፌልድስፓርና ኳርትዝ ተደባልቆ ከ1200 ዲግሪ በላይ የበሰለ ነው። ፌልድስፓሩ በዚያ ሙቀት ይቀልጥና እንደ መስታወት ሆኖ ቀዳዳውን ይሞላዋል። ስለዚህ ሲኒ አይጠጣም፣ ይጠጣበታል እንጂ።

የግድግዳ ሴራሚክ የጀበና ዘመድ ነው፣ ፖርሲሊን የሲኒ። በመካከላቸው ደግሞ ሌሎች ደረጃዎች አሉ። አይሶ 13006 የሚባለው ዓለም አቀፍ መስፈርት የሚከፋፍላቸውም በሚጠጡት ውሃ ነው። ከክብደቱ 0.5 በመቶ ወይም ከዚያ በታች የሚጠጣው ፖርሲሊን ይባላል፤ ከ10 በመቶ በላይ የሚጠጣው የግድግዳ ነው። በመቶኛ ሲነገር አይታይም፣ ስለዚህ በሲኒ ቀየርነው። 8 ኪሎ ገደማ የሚመዝን 60 በ60 ፖርሲሊን ቢበዛ 40 ግራም ውሃ ይጠጣል፤ ግማሽ ሲኒ ማለት ነው። 3 ኪሎ የሚመዝን የግድግዳ ሴራሚክ 12 በመቶ ከጠጣ 360 ግራም ይሆናል። አቦሉን፣ ቶናውንና በረካውን ጨርሶም አይረካ።

ይህን ለማወቅ ላቦራቶሪ አያስፈልግም። ናሙናውን ገልብጡና ጀርባው ላይ አንድ ጠብታ ውሃ አድርጉበት። ጠብታው ወዲያው ከሰመጠ የጀበና ወገን ነው፤ እንደ ዶቃ ተቀምጦ ከቀረ የሲኒ ወገን ነው። ምላስ ማስነካትም ይቻላል፤ የሚጠጣው ምላስ ይዞ ሳብ ያደርጋል። (ታናሻችን ይህን አንድ ሱቅ ውስጥ ሲያደርገው ሻጩ ከልቡ አዘነልን።) ካርቶኑ ላይም በእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፈ የምድብ ምልክት አለ፤ ቢ-አንድ-ኤ ካለ ፖርሲሊን፣ ቢ-ሦስት ካለ የግድግዳ ነው። ምንም ምልክት የሌለው ካርቶን ካጋጠማችሁ ጠብታዋን እመኑ።

የሚጠጣ ሁሉ መጥፎ ነው ማለት ግን አይደለም። ግድግዳን ማንም አይረግጠውም። የግድግዳ ሴራሚክ ቀላል ነው፣ በቀላሉ ይቆረጣል፣ ሲሚንቶ ይይዘዋል፣ የፊቱ ብርጭቆማ ቅብ ደግሞ ውሃ አያሳልፍም። ለማድ ቤትና ለሻወር ግድግዳ ፖርሲሊን መግዛት ለምጣድ ማስቀመጫ ሶፋ እንደመግዛት ነው። ጉዳት የሚመጣው የግድግዳው ወለል ላይ ሲወርድ ነው። በመስፈርቱ መሠረት ፖርሲሊን በካሬ ሚሊሜትር ቢያንስ 35 ኒውተን የሚደርስ የማጠፍ ጫና መቋቋም አለበት፤ የግድግዳው እንደ ውፍረቱ 12 ወይም 15 ከቻለ ያልፋል። ለቢሮ ወለል ይህ ልዩነት ላያስጨንቅ ይችል ይሆናል። የእኛ ቤት ወለል ላይ ግን ቡና ይወቀጣል። ሙቀጫው መሬት ተቀምጦ ዘነዘናው ሲወርድበት የሚደርሰው ድብደባ አንድም የአውሮፓ ካታሎግ ላይ አልተጠቀሰም።

የመጫጫሩን ነገር ባጭሩ እንለፈው። ቅብ ላለው የወለል ሴራሚክ ፒኢአይ የሚባል የመልበስ መለኪያ አለ፤ ከ0 እስከ 5 ነው፣ ለመኖሪያ ቤት 3 ወይም 4 ደህና ነው። ዋናው ጠላት ጫማ ሳይሆን ጫማ ሥር ያለው አሸዋ ነው። የአሸዋ ኳርትዝ በሞህስ የጥንካሬ መለኪያ 7 ነው፣ ብዙ ቅብ ከዚያ በታች ነው። ግቢው ገና አስፋልት ባልለበሰ ኮንዶሚኒየም በር ላይ ምንጣፍ ማድረግ ከማንኛውም «ኦርጅናል» ይበልጣል።

የእኛ ዋና ጭንቀት ማዳለጡ ነበር። እዚህ ላይ ሻጮች ሁሉ አንድ ናቸው፤ የሚያብረቀርቀውን ያወጡላችኋል። «ፊታችሁን ታዩበታላችሁ» ይላሉ። ፊት ለማየት መስታወት አለን።

ጀርመኖች ያወጡት አንድ መለኪያ አለ። ዘይት የተቀባ ወለል ላይ ሰው በሥራ ጫማ ይራመዳል፣ ወለሉን ቀስ በቀስ ያዘነብሉታል፣ ሰውየው መንሸራተት የጀመረበት ማዕዘን ይመዘገባል። ውጤቱ ከ«አር 9» እስከ «አር 13» ይሰጣል። አር 9 ሲባል ከአሥር ዘጠኝ እንደማግኘት ይመስላል፤ በእርግጥ ግን የመጨረሻው ዝቅተኛ ደረጃ ነው፣ ከ6 እስከ 10 ዲግሪ። አር 10 እስከ 19፣ አር 11 እስከ 27 ዲግሪ ይሄዳል። ለባዶ እግር ደግሞ በሳሙና ውሃ የሚለካ ሌላ አለ፤ ኤ፣ ቢ፣ ሲ ይባላል፣ ለሻወር የሚፈለገው ቢ ነው። ፖሊሽ የተደረገ ፖርሲሊን ደረቅ ሲሆን እምብዛም አያስቸግርም። ውሃ፣ ሳሙና ወይም ዘይት በእግርና በወለሉ መካከል ሲገባ ግን ያንን ስስ ሽፋን ሰንጥቆ እግርን የሚይዝ ሸካራ ነገር የለውም። ፒኢአይም ሆነ ፖርሲሊንነቱ ከዚህ ጋር ግንኙነት የለውም። የማይሰበርና የማይጫጫር ወለል ሰው ሊሰብር ይችላል።

አሁን የእኛን ቤት አስቡት። በዓል ሲሆን ቄጤማ እንጎዘጉዛለን። እርጥብ ቄጤማ፣ ከሥሩ የሚያብረቀርቅ ወለል፣ ከላዩ የፕላስቲክ ነጠላ ጫማ ያደረገች ጉልበቷን የሚያማት እናት፣ እጇ ላይ የትኩስ ቡና ትሪ። ይህን የሚለካ መስፈርት ጀርመን አገር የለም።

ሦስታችን ገና እየተከራከርን ሳለ እህታችን ደወለች። አንዳችን የሚያብረቀርቀውን ፎቶ ልከንላት ነበር፤ ገንዘቡ የእሷ ነውና አይታ ትፍረድ ብለን። «እሱን እንዳትገዙ» አለች። «እዚህ ያለው ወለል ሁሉ እንደሱ ነው። የምወለውለው እኔ ነኝ፣ የምወድቅበትም እኔ ነኝ።» ከዚያ ወዲያው ስለ ቀለሙ ማውራት ጀመረች። መውደቋን ከዚያ በፊት ነግራን አታውቅም። እናታችን አጠገባችን ነበረች፤ ስልኩን ተቀብላ ስለ ወለሉ አንድም ቃል አላወራችም፣ እግሯን ብቻ ደጋግማ ጠየቀቻት።

በማግስቱ እናታችን ራሷ ሱቅ ትሂድ ተባለ። ሻጩ አምስት ናሙና መሬት ላይ ደረደረላት። እሷ ጫማዋን አወለቀች፣ ከቦርሳዋ ሃይላንድ አውጥታ በየናሙናው ላይ ውሃ አፈሰሰች፣ ትከሻችንን ይዛ አንድ በአንድ በእግሯ ታሽ ጀመር። ሻጩ «እማማ ኧረ ይተዉ፣ እኔ ልንገርዎት» ቢልም አልሰማችውም። ሁለቱን የሚያብረቀርቁ ወዲያው ገፋቻቸው። አንዱን በጣም ሻካራ ደግሞ «ይሄ ቆሻሻ ይዞ አይለቅም» ብላ ተወችው። እውነቷን ነው፤ ሸካራነት ሲጨምር እግር ይይዛል፣ ግን ጭቃና ቅባትም ይይዛል፣ ለማጠብም ብዙ ውሃ ይፈልጋል፣ የእኛ ሰፈር ውሃ ደግሞ በፈረቃ ነው። የመረጠችው ፈካ ያለ አመድማ ነበር። ካርቶኑን ስናይ አር 10 ይላል። ለሻወሩ አር 11 ጨመርን፣ ያውም ትንንሹን፤ ብዙ መጋጠሚያ ስላለው እግር ይበልጥ ይይዛል። ለግድግዳው ያለ ጭንቀት ርካሹን ወሰድን።

ስለ ዋጋ ብዙ ባንል ይሻላል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ከ58 ብር በታች የነበረው ዶላር በጥቂት ጊዜ ውስጥ ከ100 አልፏል፤ ከውጭ የሚመጣ ሴራሚክም አብሮ ሄደ። ከኩዌት የሚላከውም በብር ሲመነዘር በዝቷል ብለን ተጽናናን።

ቀጣዩ ጣጣ ማንጠፉ ነው። ሰው ለሴራሚኩ ያወጣውን ግማሽ ሐሳብ ለአነጣጠፉ አያወጣም፣ የሚበላሸውም አብዛኛው እዚህ ላይ ነው። የመጡልን ሠራተኛ በዕድሜ ጠና ያሉ፣ እጃቸው ቀጥ ያለ፣ ውሃ ልክ ሳይዙ የማያነጥፉ ሰው ናቸው። መጀመሪያ ያደረጉት ፖርሲሊኑን በርሜል ውሃ ውስጥ መንከር ነው። «ጋሼ፣ ለምን ይነከራል?» ብለን ጠየቅን። «ሃያ ዓመት ሠርቻለሁ፣ ሁሌም ይነከራል» አሉን።

እውነታቸውን ነው፤ የሃያ ዓመቱ ሴራሚክ የሚጠጣ ነበር። የሚጠጣ ሴራሚክ ሳይነከር ከተለጠፈ የሲሚንቶውን ውሃ መጥጦ ይወስድበታል፤ ሲሚንቶ ደግሞ የሚጠነክረው ከውሃው ጋር ተዋህዶ እንጂ ደርቆ ስላልሆነ ውሃውን የተነጠቀ ሲሚንቶ ዱቄት ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ሴራሚኩ አስቀድሞ ጠጥቶ መጥገብ አለበት። ፖርሲሊን ግን አይጠጣም። ብትነክሩት አንድ ሳምንት ይዋኛል እንጂ ምንም አይገባበትም። ባለመጠጣቱም ተራ ሲሚንቶ የሚነክስበት ቀዳዳ አያገኝም፤ ፖሊመር ያለበት የሴራሚክ ኮላ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ይህን ለእሳቸው በቃል መንገር ልጅ አባቱን እንደማስተማር ስለሆነ መሞከር ይሻላል ተባባልን። ሁለት ቁራጭ በረንዳው ጥግ ላይ ተለጠፈ፤ አንዱ ተነክሮ በሲሚንቶ፣ አንዱ ደረቁን በኮላ። ከሳምንት በኋላ ጋሼ ራሳቸው በመዶሻ ጫፍ ፈነቀሏቸው። የሲሚንቶው እንደ ድስት ክዳን ብድግ አለ፣ ጀርባው ንጹሕ ነበር። የኮላው ተሰብሮ እንጂ ተላቆ አልወጣም። ጋሼ ንጹሑን ጀርባ በአውራ ጣታቸው እያሹ ትንሽ ዝም አሉና «ለካ ይሄ አይጠጣም» አሉ። ከዚያ በኋላ ኮላውን ከእኛ ይልቅ እሳቸው ይቆጣጠሩት ጀመር። ቀድሞ አምስት ጉብታ ላይ ማሳረፍ የለመዱትንም ትተው፣ በጥርሳም መቀቢያ ወለሉን ሙሉ አለበሱት። ይህ ቀላል ነገር አይምሰላችሁ። ጉብታው መካከል ያለው ባዶ ቦታ ላይ ነው ሙቀጫ ሲያርፍ የሚሰነጠቀው። ቤት ስትረከቡ በሳንቲም እያንኳኳችሁ ሂዱ፤ «ዶ፣ ዶ» የሚለው ባዶ ነው።

ያልተስማማነው ክፍተቱ ላይ ነው። ሰው ሁሉ ተደፍኖ የተገጣጠመ ይወዳል፣ ጋሼም የሚኮሩት በዚያ ነው። ግን ሴራሚክ ሲሞቅ በእያንዳንዱ ዲግሪ ከሚሊዮን ሰባት እጅ ያህል ይረዝማል። አምስት ሜትር ሳሎን ላይ የ20 ዲግሪ ልዩነት ከግማሽ ሚሊሜትር በላይ ነው። አዲስ ኮንክሪት ደግሞ ለዓመታት በጥቂቱ ይኮማተራል። ከላይ እየረዘመ፣ ከታች እያጠረ፣ መተንፈሻ ካጣ አንድ ቀን እንደ ድንኳን ብድግ ይላል። በመጨረሻ በየመካከሉ 3 ሚሊሜትር፣ በግድግዳው ዙሪያ ደግሞ ዞኮሎው የሚሸፍነው ጣት የማያስገባ ክፍተት ቀረ። ጋሼ እስከ ዛሬ ዙሪያውን ያስተዉት ለእኛ ብለው እንደሆነ ነው የሚያስቡት።

በሴራሚኮቹ መካከል የሚሞላው ነገር ሲሚንቶ መሆኑን ማወቅም ይጠቅማል። ሴራሚኩ ራሱ አሲድ አይፈራም፤ ሎሚ ይሁን ኮምጣጤ ምንም አያደርገውም። ሲሚንቶውን ግን አሲድ ይበላዋል። ሠራተኛ ከጨረሰ በኋላ «እናጽዳው» ብሎ አሲድ ሲያፈስ ካያችሁ አስቁሙት። እርድና ቅቤም ወለሉን ሳይሆን መጋጠሚያውን ነው የሚይዙት፤ ማድ ቤት ውስጥ ነጭ መሙያ የመረጠ ሰው ወጥ ሠርቶ አያውቅም። ጠቆር ያለ አድርጉበት።

አንድ ነገር መካድ አይቻልም፤ ይቀዘቅዛል። ሴራሚክ ሙቀት ከእንጨት በብዙ እጥፍ ፈጥኖ ስለሚያስተላልፍ የእግርን ሙቀት ይወስደዋል፣ የአዲስ አበባ ክረምት ደግሞ ክረምት ነው። እናታችን በሐምሌ ካልሲ ደርባ ታደርጋለች። ፕላስቲክ ወለል ይሞቃል የሚሉ አሉ፣ ልክ ናቸው፤ ግን ከምድጃ ፍም ሲወድቅ ፕላስቲኩ ላይ ቀዳዳ ይቀራል፣ ሴራሚኩ ላይ አመድ። ቡና በከሰል በሚፈላበት ቤት ይህ ክርክር እዚያው ያልቃል።

ስትገዙ ከሚያስፈልጋችሁ 10 በመቶ ያህል ጨምሩ። ካርቶኑ ላይ የቀለምና የመጠን ቁጥር አለ፤ ሁሉም ካርቶን አንድ ዓይነት ቁጥር መያዙን ሳታዩ አትክፈሉ። ከአንድ ፋብሪካ የወጣ አንድ ስም ያለው ዕቃ እንኳ በሌላ ቀን ከተጋገረ ቀለሙ ጥቂት ይለያል፤ ዛሬ ያልገዛችሁትን ከርሞ አታገኙትም። ከእኛ አንድ ካርቶን ከግማሽ ተርፏል። ካርቶኑ እናታችን አልጋ ሥር ነው። ከግማሹ ሁለቱን ወስዳ አንዱን ከምድጃዋ ሥር፣ አንዱን ከሙቀጫዋ ሥር አድርጋቸዋለች። «ወለሉ እንዳይጎዳ» ነው የምትለው።